አልማዙ የደበዘዘው ከጀርባው ነው፦ ቀለበትዎን ቤት ባለ ዕቃ ለማጽዳት

ከወርቅ ቤት ሲወጣ ዓይን ያጭበረብር የነበረ የአልማዝ ቀለበት ዓመት ሳይሞላው እንደ ጠርሙስ ስባሪ ደብዝዞ ሲታይ፣ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ሻጩን ነው። «አርቴፊሻል አስታቅፎኝ ይሆን?» ይላል። እዚያ ከመድረስዎ በፊት ቀለበቱን ያውልቁና ይገልብጡት፤ ጣት በሚገባበት በኩል የፈርጡን ሆድ ይመልከቱ። ግራጫ ወይም ቡናማ ነገር ተለጥፎ፣ በጥርስ መጎርጎሪያ ጫፍ ሲነካ የሚሟልጭ ከሆነ ችግሩ ተገኝቷል። የሳሙና፣ የሎሽን፣ የምግብ ቅባትና የላብ ድብልቅ ነው።

አልማዝ ውሃ አይዝም፤ ቅባት ግን አጥብቆ ይይዛል። ማዕድን አውጪዎች በዚሁ ጠባዩ ተጠቅመው ለይተውታል፤ የተፈጨውን ድንጋይ ከውሃ ጋር ግራሶ በተቀባ ጠረጴዛ ላይ ሲያሳልፉት ሌላው ታጥቦ ይሄዳል፣ አልማዙ ግራሶው ላይ ተለጥፎ ይቀራል። እኛ ቤት ደግሞ እጅ ከቅባት የሚርቅበት ሰዓት የለም። በእጅ እንጎርሳለን፤ ቅቤው የወጣ ክትፎና ዘይት ያቀረረ ወጥ ጣት ላይ ይቀራል፤ ሊጥ ይቦካል፣ ፀጉር ቅቤ ይቀባል፣ ልጅ ቫዝሊን ይቀባል። በቀን ብዙ ጊዜ እጅ መታጠብም ሙሉ መፍትሔ አይሆንም፤ የእጅ ሳሙናው ራሱ ከፈርጡ ስር ገብቶ ይደርቃል።

አልማዝ የሚያብረቀርቀው በላይ በኩል የገባው ብርሃን ከስር ካሉት ገጾች ላይ ነጥሮ ወደ ዓይን ስለሚመለስ ነው። ከስር ስስ የቅባት ሽፋን ካለ ብርሃኑ ሳይመለስ በዚያው ሾልኮ ይቀራል። ቀለበቱን በሸሚዝ እጅጌ ወይም በሶፍት ከላይ ከላይ የሚወለውሉ ሰዎች ለውጥ የማያዩት ለዚህ ነው።

ሌላም ነገር ልብ ይበሉ። አልማዝ በድንጋዮች የጥንካሬ መለኪያ 10 ላይ ያለ፣ ከሱ በላይ የሌለ ድንጋይ ነው። ንጹሕ ወርቅ ግን ከ2.5 እስከ 3 ብቻ ነው። ቤት ውስጥ ሲጸዳ የሚጎዳው ብዙ ጊዜ አልማዙ ሳይሆን ፈርጡን ከዳር ዳር ጨብጠው የያዙት ትንንሽ የወርቅ ጥፍሮች ናቸው። ከዚህ በታች ያለው ማስጠንቀቂያ አብዛኛው ለነሱ ሲባል የተጻፈ ነው።

መጀመሪያ ጌጡን ይለዩ

በቀለበቱ ውስጠኛ ገጽ ላይ የተመታውን ቁጥር ያንብቡ። 750 ማለት 18 ካራት፣ 875 ማለት 21 ካራት፣ 585 ማለት 14 ካራት ወርቅ ነው። 925 ካለ ብር ነው፤ 925 ተብሎ መልኩ ቢጫ ከሆነ ደግሞ ወርቅ የተቀባ ብር ነውና ቅቡ እንዳይላጥ በብሩሽ አይሹት። ቁጥሩ በዓይን አልነበብ ካለ በስልክ ካሜራ አጉልተው ያንሱት።

ቀጥሎ ከአልማዙ ጎን ሌላ ድንጋይ እንዳለ ይዩ። በወርቅ ወይም በፕላቲኒየም የተሰካ አልማዝ፣ በላብራቶሪ የተሠራ አልማዝ፣ ሞይሳናይትና ዚርኮን ሁሉም በሚከተሉት ደረጃዎች ያለ ስጋት ይጸዳሉ። የማይነከሩት እነዚህ ናቸው።

ኦፓል፦ ከወሎ ከደላንታ የሚወጣው ኦፓል ውሃ የሚጠጣ ድንጋይ ነው። ውሃ ውስጥ ሲቆይ የቀለሙ ጨዋታ ይጠፋና ብርሃን አሳላፊ ይሆናል። ንጹሕ ውሃ ከሆነ ቀስ ብሎ ሲደርቅ አብዛኛውን ጊዜ ወደ መልኩ ይመለሳል፤ ሳሙናና ዘይት ያለበትን ውሃ ከጠጣ ግን ቆሻሻውን ይዞት ሊቀር ይችላል። እርጥብ በሆነ ለስላሳ ጨርቅ ጠረግ አድርገው ይተዉት።

መረግድ፣ በገበያ ስሙ ኤመራልድ፦ የውስጥ ስንጥቁ እንዳይታይ በዘይት መሞላቱ የተለመደ ነው። ሙቅ ውሃና ሳሙና ዘይቱን ያወጣዋል፤ ያኔ ተሰውሮ የነበረው ስንጥቅ ይገለጣል።

ሉል፦ ለስላሳ ነው፣ አሲድም ይበላዋል። እርጥብ ጨርቅ ብቻ።

በማስቲሽ የተለጠፈ ፈርጥ፦ ርካሽ ጌጦች ላይ ድንጋዩ ከስሩ የሚያብረቀርቅ ልባስ ኖሮት በማስቲሽ ይያዛል። ውሃ ሲገባው ልባሱ ይጠቁራል፣ ማስቲሹም ይለቃል።

በአልማዝም ቢሆን አንድ የተለየ ጉዳይ አለ። አንዳንድ አልማዝ ስንጥቁ መስታወት በሚመስል ነገር ተሞልቶ ይሸጣል። በደረሰኙ ወይም በምስክር ወረቀቱ ላይ እንዲህ የሚል ካለ ለብ ካለ ውሃና ከሳሙና አይለፉ፤ በደረጃ 7 ያሉት አልኮልና የመስታወት ማጽጃ፣ በድምፅ ሞገድ የሚያጥብ ማሽንም ይቅሩበት።

የሚያስፈልጉት

ሁለት የሸክላ ወይም የፕላስቲክ ጎድጓዳ ሳህን፤ ብዙው ቤት ላርጎ የሚለው ዓይነት የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና፤ ለብ ያለ ውሃ፤ አዲስ የሕፃን ጥርስ ብሩሽ፤ የሻይ ማጥለያ፤ ከእንጨት የተሠራ የጥርስ መጎርጎሪያ፤ ነጭ ፎጣ፤ የመነጽር መጥረጊያ ጨርቅ። ሌላ የለም። ብሩሹ የሕፃን እንዲሆን የተፈለገው ፀጉሩ ለስላሳ፣ ጭንቅላቱም ትንሽ ስለሆነ ከፈርጡ ስር ስለሚገባ ነው። አሮጌ የአዋቂ ብሩሽ ከሆነ በፀጉሩ መሐል የጥርስ ሳሙና ቅሪት ደርቆበት ይሆናል፤ ያ ቅሪት ወርቅ ይጭራል። መፋቂያም ለጥርስ ይቅር፤ ቃጫው ሻካራ ነው።

የፈሳሽ ሳሙናውን ዓይነት አይናቁት። የእጅ መታጠቢያ ፈሳሾች ብዙዎቹ ቆዳ ማለስለሻ ቅባት አለባቸው፤ ቅባት በቅባት ማጠብ ይሆናል። ደረቅ ሳሙና ነጭ ንጣፍ ትቶ ይሄዳል። ኦሞ ደግሞ ያልሟሟ ቅንጣትና ማንጫ ስላለው ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ደረጃ 1፦ ከሲንኩ ይራቁ

ቤት ውስጥ ሲጸዳ ከሚደርሰው ጉዳት ሁሉ የከፋው በጣም ቀላሉ ነው፤ ሳሙና የነካው ቀለበት ከእጅ አምልጦ በሲንክ መውረጃ መግባት። ሥራውን ጠረጴዛ ላይ፣ ፎጣው ተዘርግቶ፣ በሳህን ውስጥ ይሥሩ። ፎጣው ነጭ የሚሆነው ደቃቅ ፈርጥ ብትወድቅ የሚያርፍባትን ለማየትም ጭምር ነው። መስኮት አጠገብ፣ በቀን ብርሃን ቢሆን ይመረጣል። በአንድ ጊዜ አንድ ጌጥ ብቻ ያጽዱ፤ ሁለት የአልማዝ ቀለበት አንድ ሳህን ውስጥ ሲጋጭ አልማዝ አልማዝን፣ አልማዝ ወርቅን ይጭራል።

ደረጃ 2፦ ሳይነክሩ በፊት ይፈትሹ

ይህን ደረጃ ሰው ሁሉ ይዘለዋል፤ እኔ ግን አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው ይህንን ነው። ለዓመታት የተጠራቀመ ቆሻሻ የላላን ፈርጥ ይዞ ሊያቆየው ይችላል። ቆሻሻው ሲታጠብ ፈርጡ ነፃ ይወጣል። «ሳጸዳው ወለቀ» የሚባለው አደጋ ብዙ ጊዜ ጥፍሩ አስቀድሞ ላልቶ የቆየ ነው።

ቀለበቱን በሁለት ጣት ይዘው ከጆሮዎ አጠገብ በሌላኛው እጅ ጠቋሚ ጣት መታ መታ ያድርጉት። ቀጭን «ጭ ጭ» የሚል ድምፅ ከሰሙ ፈርጡ ተላቋል። ቀጥሎ በጥርስ መጎርጎሪያው ጫፍ ፈርጡን ከጎን ገፋ ያድርጉት፤ መነቃነቅ የለበትም። በመጨረሻ የነጠላ ጫፍ ወስደው በጥፍሮቹ ላይ በጣም በቀስታ ያሳልፉት። ነጠላ ስስ ክር ስለሆነ ለዚህ ፈተና ተስማሚ ነው፤ ክር ከተያዘና ከተመዘዘ አንዱ ጥፍር ቀና ብሏል ማለት ነው። አይጎትቱት፤ ክሩን ወደ መጣበት መልሰው ያላቅቁት።

ከነዚህ አንዱ ከታየ ጽዳቱን እዚህ ላይ ያቁሙ። ቀለበቱን በትንሽ ፕላስቲክ ከረጢት አሽገው ወደ ወርቅ ሠሪ ይውሰዱት። ጥፍር ማጥበቅ ቀላል ሥራ ነው፤ የጠፋ ፈርጥ መተካት ግን ሌላ ወጪ ነው። በስልክዎ አጉልተው ከላይም ከጎንም ፎቶ ያንሱ፤ ከጽዳቱ በኋላ ለማነጻጸርም፣ ቀለበቱን ለጥገና ሲሰጡ የራስዎን ፈርጥ ለይቶ ለማወቅም ይጠቅማል።

ደረጃ 3፦ መዘፍዘፍ

በአንድ የሻይ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ሁለት ሦስት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ይጨምሩ። ሳሙና በበዛ ቁጥር ጽዳቱ አይሻልም፤ ማለቅለቁ ብቻ ይረዝማል። ውሃው እጅ ሳይቃጠል ተነክሮ የሚቆይበት ሙቀት፣ ማለትም ወደ 40 ዲግሪ አካባቢ ይሁን። በቀዝቃዛ ውሃ ቅቤው አይቀልጥም፤ የፈላ ውሃ ደግሞ አያስፈልግም።

ቀለበቱን ፈርጡን ወደ ታች አድርገው ያስቀምጡት፤ ፈርጡ ሙሉ በሙሉ ይስመጥ። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይተዉት። ከተገዛ ጀምሮ ታጥቦ የማያውቅ ከሆነ ውሃው ሲቀዘቅዝ በሌላ ለብ ያለ የሳሙና ውሃ ተክተው ሌላ ግማሽ ሰዓት ይጨምሩ። ጊዜው የሚሠራውን በብሩሽ ጉልበት ለመሥራት አይሞክሩ፤ ሰዎች ጥፍር የሚያጣምሙት አምስት ደቂቃ ዘፍዝፈው ግማሽ ሰዓት ሲፈትጉ ነው።

ደረጃ 4፦ ከጀርባ መቦረሽ

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። ቀለበቱን ከሳህኑ ሳያወጡ፣ ውሃው ውስጥ እንዳለ በጎኑ ይያዙት። ብሩሹን ጣት በሚገባበት ቀዳዳ አስገብተው የፈርጡን ሆድ ከስር ወደ ላይ፣ በትንንሽ ክብ እንቅስቃሴ ይቦርሹ። የሚጫኑት የሕፃን ድድ የሚቦርሹትን ያህል ነው። ጥቂት ከቦረሹ በኋላ ብሩሹን በውሃው ያንቀጥቅጡት፤ ከፀጉሩ መሐል ግራጫ ደመና ሲወጣ ያያሉ። ያ ደመና መውጣቱን እስኪያቆም ድረስ ይደጋግሙ። ውሃው ከደፈረሰ ይለውጡት።

ከዚያ ወደ ጎን ይዙሩ። በእያንዳንዱ ጥፍርና በፈርጡ መካከል ያለችው ስርቻ ቆሻሻ በደንብ የምትይዝ ቦታ ናት። ብሩሹ ካልደረሰ የእንጨት መጎርጎሪያውን ጫፍ በውሃ አለስልሰው በስርቻው ውስጥ ያለ ግፊት ያሳልፉት። መርፌ፣ ስፒል ወይም የምላጭ ጫፍ በፍጹም። አልማዙን አይጭሩትም፤ ጥፍሩን ግን እንደ መፍቻ ፈልቅቀው ቀና ያደርጉታል።

የፈርጡን ፊት መጨረሻ ላይ ያድርጉት፤ ሁለት ሦስት ዙር ይበቃዋል።

ዙሪያውን በደቃቅ ፈርጦች የተሞላ ቀለበት ከሆነ ሁኔታው ይለያል። እያንዳንዷ ፈርጥ የተያዘችው በጣም ቀጭን በሆነች የወርቅ ጠብታ ነው። ብሩሹን በማፋተግ ፈንታ ቀጥ አድርገው በጫፉ መታ መታ እያደረጉ ይሂዱ። ፈርጡ ዙሪያውን በወርቅ ከንፈር የተከበበ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ጥፍር ስለሌለው ስጋቱ ያነሰ ነው፤ ነገር ግን ከስሩ ክፍት ካልሆነ ቆሻሻው መግቢያና መውጫ ስለሚያጣ መዘፍዘፉን ያስረዝሙት።

ደረጃ 5፦ ማለቅለቅ

ሁለተኛውን ሳህን በንጹሕ ለብ ያለ ውሃ ሞልተው ቀለበቱን በውስጡ ያንቀሳቅሱት። ከዚያ የሻይ ማጥለያው ውስጥ አድርገው ከላዩ ውሃ ያፍስሱበት፤ የወለቀች ፈርጥ ብትኖር ማጥለያው ላይ ትቀራለች። የተጠቀሙበትን ውሃም ከመድፋትዎ በፊት በማጥለያው ያሳልፉት።

ማለቅለቁ የሚዘነጋ ይመስላል እንጂ ውጤቱን የሚወስነው እሱ ነው። የሳሙና ቅሪት ከደረቀ በኋላ ራሱ ንጣፍ ይሆናል፤ ቀለበቱ «ታጥቦም ያው ነው» ይባላል። ድሬዳዋና መቀሌ ያላችሁ፣ እንዲሁም ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ነጭ ድንጋይ የሚጋገርባችሁ ሁሉ፣ የቧንቧችሁ ውሃ ጨዋማ ስለሆነ የመጨረሻውን ማለቅለቂያ ፈልቶ በቀዘቀዘና በጠለለ ውሃ ወይም በታሸገ ውሃ አድርጉት። ግማሽ ብርጭቆ ይበቃል።

ደረጃ 6፦ ማድረቅና ማየት

ቀለበቱን በመነጽር መጥረጊያው ጨርቅ ይዘው ውሃውን ጠጣ ጠጣ ያድርጉት። ሶፍት አይሁን፤ ብናኙ ጥፍሮቹ ላይ ይቀራል፤ የሻካራ ፎጣ ክርም ጥፍር ይይዛል። ከፈርጡ ስር የቀረው ውሃ እንዲወጣ ገልብጠው ፎጣው ላይ 20 ደቂቃ ያህል ያቆዩት። የፀጉር ማድረቂያ ካለ በቀዝቃዛው አየር ብቻ።

ደርቆ ሲያነሱት ጎኑን እንጂ ፈርጡን አይንኩ። አንድ የጣት አሻራ የሠሩትን ግማሹን ይመልሰዋል። ወደ መስኮቱ ወስደው ያወዛውዙት፤ ብርሃኑ ከፈርጡ መሐል ብልጭ ብልጭ እያለ ከመጣ አልቋል። የአንድ ጥግ ጥላ ከቀረ የዚያ ጥግ ጀርባ ገና ነው፤ ከደረጃ 3 ይጀምሩ። ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው ይፈጥናል።

ደረጃ 7፦ አሁንም ከደበዘዘ

በሁለት ዙር ያልለቀቀ የቅባት ሽፋን ካለ 70 በመቶ አልኮል ይሞክሩ። ወርቅና አልማዝ ብቻ የሆነውን ቀለበት በትንሽ ብርጭቆ አልኮል ውስጥ ከአንድ እስከ ሁለት ደቂቃ ነክረው፣ ከስር ቦርሸው፣ በውሃ ያለቅልቁ። አልኮል ቅባት ያሟሟል፤ ቶሎም ይደርቃል። ቡና ተፈልቶ ከሰሉ ገና ካልጠፋበት ክፍል፣ ከምድጃና ከሲጋራ ይራቁ፤ በቀላሉ በእሳት ይያያዛል። ጄል የሆነው የእጅ ሳኒታይዘር ይህን ሥራ አይሠራም፤ ማወፈሪያው ፈርጡ ላይ ይደርቃል። አረቄውንም ለእንግዳ ይተዉት።

አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃም ይሠራል፤ በብሩሹ ጫፍ ጥቂት ነክተው፣ ከጀርባ ቦርሸው፣ ደህና አድርገው ማለቅለቅ ነው። ከሉል፣ ከኦፓልና ከቅብ ጌጥ ያርቁት። ከሁሉ በላይ ግን በረኪና በነካ ሳህን ውስጥ አያፍስሱት፤ አሞኒያና በረኪና ሲቀላቀሉ ሳንባ የሚጎዳ መርዛማ ጋዝ ይወጣል።

ከዚህም በኋላ ካልጠራ ነገሩ ቆሻሻ አይደለም። የተሞላ ስንጥቅ ይሆናል፤ አለዚያ ፈርጡ አልማዝ ስላልሆነ ገጹ በጊዜ ብዛት ተፍቋል፤ አለዚያም ቀለበቱ ሲጠገን እሳት ያለ ጥንቃቄ ነክቶት የአልማዙ ገጽ ነጣ ብሏል። ይህ በማጉያ መስታወት የሚታይ የባለሙያ ጉዳይ ነው።

ከቀለበቱ የሚርቁ

በረኪና የመጀመሪያው ነው። 18 ካራት ወርቅ ከአራት እጅ ሦስቱ ወርቅ ነው፤ ቀሪው መዳብ፣ ብር፣ ወይም ነጭ ወርቅ ከሆነ አንዳንዴ ኒኬል ነው። ክሎሪን ወርቁን ብዙም ባይነካው እነዚህን ድብልቆች ይበላቸዋል። ጥፍሮቹ ፈርጡን ጨብጠው ሁልጊዜ ውጥረት ላይ ስለሆኑ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ይገባባቸዋል፤ ኒኬል ያለበት ነጭ ወርቅ ይበልጥ ተጋላጭ ነው። ከዚያ አንድ ቀን አንሶላ ሲነጠፍ ጥፍሩ ቀንጠስ ይላል። ስለዚህ በበረኪና አለማጽዳት ብቻ አይበቃም፤ ነጭ ልብስ ሲዘፈዘፍ፣ ሽንት ቤት ሲታጠብ፣ ክሎሪን ያለበት ገንዳ ውስጥ ሲዋኝ ቀለበቱ እጅ ላይ መኖር የለበትም። ጓንት ካለ ጥሩ ነው፤ ጓንቱ ግን በፈርጡ ሊቀደድ ስለሚችል ማውለቁ ይሻላል።

የጥርስ ሳሙና በየቤቱ የሚመከር ነው። ያነጣል፤ የሚያነጣው ግን በመፋቅ ነው። ጥርስ የሚፍቁት ቅንጣቶች ከወርቅ ይጠነክራሉና ወርቁን ማየት በማይቻል ጭረት ያደበዝዙታል። አመድና ቤኪንግ ሶዳም ያው ናቸው። ብረት ድስት በአመድ መፈግፈግ ያምርበታል፤ ቀለበት አያምርበትም።

ሎሚና ኮምጣጤ አልማዙን አይጎዱትም፤ ግን ቅባት የማስለቀቅ አቅማቸው አነስተኛ ነው፤ ጎኑ ላይ ያለ ሉል ደግሞ ይጎዳል። በመስመር ላይ የሚሸጡት በድምፅ ሞገድ የሚያጥቡ ትንንሽ ማሽኖች ለጠንካራ ነጠላ ፈርጥ ይሠራሉ፤ የላላ ፈርጥ ግን ያራግፋሉ፤ ለደቃቃ ፈርጥ ጌጥ አልመክራቸውም።

ጉትቻ፣ ሀብልና ነጭ ወርቅ

የጉትቻ ፈርጥ ከጀርባ የሚቆሽሸው ከፀጉር ቅቤና ከፀጉር ዘይት ነው፤ መንገዱ ተመሳሳይ ነው። መቆለፊያውን ለብቻው አውጥተው ይዘፍዝፉት፤ ጆሮ ውስጥ የሚገባውን ዘንግ ደግሞ መጨረሻ ላይ በአልኮል ይጥረጉት። ሀብል ሲሆን ሰንሰለቱ እንዳይወሳሰብ መንጠቆውን ቆልፈው ይንከሩት፤ በቀለበቶቹ መሐል የተጠመጠመ ፀጉር ካለ በመጎተት ሳይሆን በመቀስ ጫፍ ቆርጠው ያውጡት።

ነጭ ወርቅ ታጥቦም ወደ ቢጫ ያዘነበለ ከመሰለ ቆሻሻ አይደለም። ላዩ ላይ የተቀባው ሮዲየም የሚባል ብረት ተልጦ የወርቁ የራሱ መልክ እየታየ ነው። መፈተግ ያባብሰዋል፤ ወርቅ ቤት ወስዶ እንደገና ማስቀባት ነው መፍትሔው።

መቼ መቼ

ሁልጊዜ እጅ ላይ ያለ ቀለበት በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ከደረጃ 3 እስከ 6 አጠር አድርጎ ቢታጠብ ዓመት ሙሉ አይደበዝዝም። የጥፍር ፍተሻውን በወር አንዴ ያድርጉ፤ በዓመት አንዴ ለወርቅ ሠሪ ያሳዩ። ለሠርግ ከሆነ፣ በተለይ በጥር ወር ወርቅ ሠሪው ሁሉ ሥራ በዝቶበት ሲውል፣ ጽዳቱን የሠርጉ ጠዋት ላይ አያድርጉት። ላላ ያለ ጥፍር ቢያገኙ የሚያስጠብቁበት ጊዜ እንዲኖር ሳምንት ቀደም ይበሉ። ሂና ሲቀቡም ቀለበቱ ይውለቅ።

ሊጥ ሲያቦኩ፣ ሥጋ ሲከትፉ፣ ቅባት ሲቀቡ ያወለቁትን ቀለበት ሶፍት ውስጥ ጠቅልለው አያስቀምጡ። ሶፍት ከቆሻሻ ጋር ይጣላል። የሲንክ ጠርዝም ቦታ አይደለም። ወጥ ቤት ውስጥ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ አንዲት አሮጌ የቡና ስኒ ለዚህ ብቻ ትመደብ፤ የቤቱ ሰው ሁሉ ይወቃት። ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ ደግሞ እያንዳንዱ ጌጥ በየራሱ ለስላሳ ከረጢት ይሁን።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ፈርጥ ከወለቀ፣ መጥረጊያ አያንሡ። ክፍሉን አጨልመው የስልክዎን መብራት ወለሉ ላይ አጋድመው ያብሩ፤ ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ ደቃቅ ፈርጥ እንኳ ነጥሮ ይታያል። ምንጣፍ ከሆነ በቫኪዩም ማሽኑ አፍ ላይ ስስ ታይት አስረው ይሳቡ፤ ፈርጧ ታይቱ ላይ ትቀራለች። ካገኟት በሱፐር ግሉ ለመመለስ አይሞክሩ፤ ማስቲሹን ለማስለቀቅ ወርቅ ሠሪው ሌላ ሥራ ይጨመርበታል። ነጭ ወረቀት አራት ማዕዘን አጥፈው ፈርጧን በውስጡ ይጠቅልሉ፣ ዳርና ዳሩን በፕላስተር ያሽጉ፣ ከቀለበቱ ጋር በአንድ ከረጢት ያድርጉ። ቀለበቱን በዚያው እንዳያጠልቁት፤ ባዶው ጥፍር በመጀመሪያው ልብስ ተይዞ ይጣመማል።